ውድ ስቴክ ቤት ከፍላችሁ ቅር ብሏችሁ የወጣችሁ ሰዎች፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ?

ሕሊና ከሳር ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባዬ ጡረታ ወጣ። እኔና ወንድሜ ደስ ልናሰኘው ብለን፣ እማዬንም ይዘን፣ ቦሌ አካባቢ ካሉት ከፍ ያሉ ስቴክ ቤቶች ወደ አንዱ ወሰድናቸው። የቤቱን ስም አልጠራም። ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለም፤ ረቡዕ ማታ ቢሆንም ቤቱ ጢም ብሏል። ጠረጴዛ በስልክ አስይዤ ነበር። ስንደርስ ግን "ትንሽ ጠብቁ" ተባልንና ባሩ አጠገብ፣ ሰው በሚተላለፍበት መሃል፣ ቆመን ቀረን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ቆማ እያዩዋት ወንበር ላምጣ ያለ አንድ ሰው የለም። ወንድሜ ራሱ ፈልጎ አመጣላት።

ከተቀመጥን በኋላ ማንም ሳያዝ ዳቦ በቅቤ መጣ። ውሃም ሳንጠየቅ ተከፍቶ ተቀዳ። ሁለት ሪብ አይ አዘዝን፣ ከጎድን በኩል የሚወጣው ሥጋ፣ 300 ግራም የሚል፣ አንዱ 2,900 ብር። ሁለት ፊሌቶ፣ ከወገብ ውስጥ የሚወጣው ለስላሳ ሥጋ፣ 200 ግራም፣ አንዱ 2,600። ድንቹና አትክልቱ ለብቻው ነው የሚታዘዘው፣ ሳህኑ 450። ሶሱም ለብቻ ነው፣ 200። ይሄን ሁሉ ሜኑው ላይ አይተን፣ አቅማችንን አስበን፣ ወስነን ነው የገባነው። ስለዚህ "ተወደደ" ብዬ አይደለም የምጽፈው።

አባዬ ፊሌቶውን "መካከለኛ ይሁን፣ ውስጡ ቀላ ያለ" ብሎ አዘዘ። አስተናጋጁም ጻፈ። መጀመሪያ የእኔና የወንድሜ መጣ። የወላጆቻችን የለም። እናትና አባት ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው እኛ እንዴት እንብላ? ጠበቅን። የኛ በረደ። በመጨረሻ የነሱ ሲመጣ የአባዬ ሥጋ እስከ መሃሉ ግራጫ ሆኗል፤ ቢላዋው ይታገላል እንጂ አይቆርጥም።

አስተናጋጁን ጠርቼ በጥሩ ቋንቋ ነገርኩት። ሳህኑን ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ መለሰው፣ ከላይ ሶስ ፈሶበታል። አባዬ በሹካ ገልበጥ ሲያደርገው ቅድም የቆረጠበት ቦታ ከስር ብቅ አለ። ያው ሥጋ! እንደገና አሙቀውት፣ የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርገው፣ ሶስ አልብሰው ነው ያመጡለት።

ማናጀሩን አስጠራን። "ሼፋችን ውጭ አገር የሠለጠነ ነው፤ ስቴክ ሲሠራ እንዲህ ነው" አለን፣ አባዬን እያየ፣ እንዳልገባው ሰው። አባዬ ሰው ፊት ክርክር አይወድም። "ተዉት ልጆቼ፣ ጠግቤያለሁ" አለ። አልጠገበም። ሁለት ጊዜ ነው የጎረሰው። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሂሳቡ መጣ። ዳቦው 250። ውሃው ሦስት ጠርሙስ 540። ሦስት ሶስ አዘን አራት ተጽፏል፤ አራተኛው ያ ሥጋ የተሸፈነበት መሆኑ ነው። ድምሩ 13,940፣ በሱ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በሁለቱ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። 17,634 ብር ከ10 ሳንቲም። ከፈልን፣ ወጣን።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። እንዲህ ሲሆን አልከፍልም ማለት ይቻላል? ሕጉስ ምን ይላል? ያ 10 በመቶ ሰርቪስ የሚባለው ለማን ነው የሚገባው፣ አገልግሎት ካልነበረስ ለምን ይከፈላል? ደግሞ ሙያው ያላችሁ፣ አንድ ቤት ስቴክ መሥራት እንደሚችል ከማዘዛችን በፊት በምን ይታወቃል?

ጌትሽ ዘቄራ

እህቴ፣ አባታችንን እንኳን ለጡረታ አበቃቸው። ሳነበው ደሜ ፈላ።

እኔ ሥጋ በልቼ ያደግሁት ቄራ አካባቢ ነው። ሉካንዳ ስትገቢ ሥጋው ተሰቅሎ ፊት ለፊትሽ ነው። ዳቢት ይሁን፣ ሽንጥ ይሁን፣ ጎድን ይሁን፣ ጣትሽን ቀስረሽ "ከዚህ" ትያለሽ። ዓይንሽ እያየ ይቆረጣል፣ ይመዘናል። ጥብሱ ካረረ ባለቤቱ ራሱ፣ ቢላዋውን እንደያዘ፣ ይመጣና "ምን ሆነ?" ብሎ ሌላ ያስጠብሳል። ደንበኛው ቅር ብሎት ከወጣ ነገ ጎረቤቱ ጋ እንደሚገባ ያውቃላ!

እነዚያ ቤቶች ግን ሥጋውን አታዪው፣ ሚዛኑን አታዪው፣ የጠበሰውን ሰው አታዪው። 300 ግራም ይሉሻል፣ ማን መዘነው? ለእኔ ያ ገንዘብ ለመብራቱና ለሶፋው ነው የሚከፈለው። ሌላ ጊዜ አባባን ጥሩ ሉካንዳ ውሰጃቸው፣ ጥብሱ ከነምጣዱ እየጨሰ ይቅረብላቸው፣ አዋዜው ይኑር፣ በደስታ ይመረቃሉ።

ሕሊና ከሳር ቤት

ጌትሽ አመሰግናለሁ። ሉካንዳማ አባዬን ማን ያስተምረዋል፣ እሱ ነው እኛን ያስለመደን። ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ አንድ ቀን ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በክብር ቢስተናገድ ምን አለበት? "እሱ ለኛ አይሆንም" ብሎ መተው ለኔ መልስ አይሆነኝም። ገንዘቡ የኛው ነው፣ ከፍለናል።

ወጥ ቤቱ

ሙያዬ ነው፣ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ነው ያደግሁት። ሕሊና፣ የጻፍሽው ብቻ እዚያ ኩሽና ምን እንደተፈጠረ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል።

ከሥጋው ልጀምር። ያልበሰለ ስቴክ ከተመለሰ እሳት ላይ መልሶ ማድረግ ይቻላል። ከልክ በላይ የበሰለ ግን በምንም ተአምር ወደ ኋላ አይመለስም። ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ አዲስ ቁራጭ አውጥቶ መጥበስ። ይሄን የማያውቅ ጠባሽ የለም። ስለዚህ ያንን ሥጋ ገልብጦ ሶስ ያለበሰው ሰው አውቆ ነው ያደረገው። በሙያችን ነውር ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ውስጡ ቀላ ያለው ሚዲየም ሬር የሚባለው የሥጋው መሃል 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። ሚዲየም 60ን ትንሽ አለፍ ይላል። 70 ካለፈ አለቀለት፣ ግራጫ ነው፣ ጭማቂውም ወጥቷል። ፊሌቶ ስብ የሌለው ሥጋ ስለሆነ ጭማቂው ከሄደ የሚያድነው ነገር የለም። ሪብ አይ በመሃሉ ስብ ስላለው ትንሽ ይታገሳል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ደግሞ የአንድ ሁለት ደቂቃ መዘግየት ነው። ከእሳት ከወጣ በኋላ እንኳን መሃሉ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ለዚህ ነው ጎበዝ ጠባሽ ቀደም ብሎ አውጥቶ፣ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፎ የሚልከው። መርፌ ያለው ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም። 2,900 ብር የሚያስከፍል ቤት ያ ከሌለው እኔ አልገባበትም።

ሳህኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው መውጣታቸውም ሌላ ነገር ይነግራል። የአራት ሰው ትእዛዝ አራቱም አብሮ ነው የሚወጣው። ሪብ አይ የበለጠ ጊዜ ከፈለገ እሱ ቀድሞ እሳት ላይ ይገባል፣ ፊሌቶው ይከተላል። ይሄን የሚቆጣጠር፣ ምግቡ ከኩሽና በሚወጣበት መስኮት ላይ የሚቆም ሰው አለ። ያን ዕለት ማታ እዚያ ቦታ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም፣ ወይም ነበር ግን ደንታ አልነበረውም። "ውጭ የሠለጠነ ሼፍ" የተባለውስ የት ነበር?

ጌትሽ ስለ ግራሙ ላነሳኸው፣ ሜኑ ላይ የሚጻፈው የጥሬው ክብደት ነው። በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው። ሲጠበስ ሩብ ያህሉ ይቀንሳል፤ በጣም ከበሰለ ከዚያም በላይ። 300 ግራሙ ሳህን ላይ ሲደርስ 225 አካባቢ ቢሆን አልተጭበረበራችሁም። ግን "ክብደቱ ከመጠበሱ በፊት ነው" ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ምን ያስቸግራል? የሚጽፉ ቤቶች አሉ፣ እኔ አከብራቸዋለሁ።

አሁን ዋናው። ጥሩ ቤት በምን ይታወቃል? አስተናጋጁን "ሥጋው ከታረደ ምን ያህል ቆየ?" ብለሽ ጠይቂ። ለጥሬና ለጥብስ ትኩስ ሥጋ እንወዳለን፣ ልክ ነው። ስቴክ ግን ሌላ ነው። ዜሮን ትንሽ አለፍ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ገደማ መቆየት አለበት፤ በዚያ ጊዜ ሥጋው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ጡንቻውን ያላሉታል። አየር በሌለበት ፕላስቲክ ታሽጎ የሚቆይ አለ። ተሰቅሎ የሚደርቅም አለ፤ እሱ ውሃው ይተናል፣ የደረቀው ላይኛው ክፍል ተልጦ ይጣላል፣ ስለዚህ ቢወደድ ምክንያት አለው። የእኛ ከብት ደግሞ አብዛኛው በሥጋው መሃል የተበተነ ስብ የለውም፣ ብዙው በሬም አርሶ አርሶ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው የሚደልበው። የሐረር ሰንጋና የቦረና ከብት ስማቸው የተጠራ ነው፣ ግን እነሱም ቢሆኑ ሳይቆዩ እሳት ላይ ከወጡ ይጠነክራሉ። አስተናጋጁ ጥያቄሽን ሰምቶ ግራ ከገባው፣ ወይም "ዛሬ ጠዋት የታረደ ነው፣ ትኩስ ነው" ብሎ ከኮራብሽ፣ ስቴኩን ትተሽ ጥብስ እዘዢ።

ሜሪ (የቀድሞ አስተናጋጅ)

ሁላችሁም ስለ ሥጋው ተናገራችሁ፣ እኔ ስለ ልጁ ልናገር።

ያ አስተናጋጅ ያንን ሳህን ይዞ ሲመጣ ያውቅ ነበር። እኔ እዚያ ቦታ ቆሜያለሁ። ኩሽና ገብተሽ "ተመለሰ" ስትይ የሚጠብቅሽን ስድብ የሰማ ያውቀዋል። እኔ በሠራሁበት አንድ ቤት የተመለሰ ሳህን ከአስተናጋጁ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር፣ ጥፋቱ የጠባሹ ቢሆንም። ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? ያው ሥጋ ይዞ ይወጣል፣ ደንበኛው ዝም እንዲል ይጸልያል። ይሄን የምለው በአባትሽ ላይ የደረሰው ትክክል ነው ለማለት አይደለም፣ በጭራሽ። ግን ያንን ቤት የሚያስተዳድረው ሰው ነው ጥፋተኛው። ሰው ስህተቱን እንዳይናገር በቅጣት ያስፈራራ ማናጀር ደንበኛው ፊት ሲቀርብ ማድረግ የሚችለው ያየሽውን ነው፣ መካድ።

ስለ 10 በመቶው። ስንት ደንበኛ "ሰርቪስ ከፍያለሁ" ብሎ ጉርሻ ሳይተው እንደሚሄድ ብታዩ! አልፈርድባቸውም፣ ሰርቪስ ተብሎ ከተጻፈ ለአስተናጋጁ ነው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። አዋጅ 1156/2011፣ የአሠሪና ሠራተኛው፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ እንደ ደመወዝ እንደማይቆጠር ይናገራል። ማለትም አሠሪው "ደመወዝህ በሱ ውስጥ አለ" ማለት አይችልም። ለግል ድርጅት የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባል በሌለበት አገር ላይ፣ ያ 10 በመቶ ለብዙ ልጆች የቤት ኪራይ ነው። በትክክል የሚያከፋፍሉ ቤቶች አሉ፤ በየወሩ ለኩሽናውም፣ ለጽዳቱም፣ ለአስተናጋጁም በነጥብ ይደርሳል። እኔ የሠራሁበት ሌላ ቤት ግን "ለተሰበረ ብርጭቆ" እያለ ግማሹን ያስቀር ነበር። ስንት ብርጭቆ ብንሰብር ነው?

ስለዚህ ጥሩ ካስተናገዷችሁ ቀስ ብላችሁ "ሰርቪሱ ይደርሳችኋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ዓይናቸው ይነግራችኋል። ካልደረሳቸው የምትሰጡትን በእጃቸው ስጡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ወገኖች። እኔ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ መሃል አንድ ስቴክ ቤት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሠርቻለሁ፤ እዚህ አካባቢ ሬስቶራንትና ፓርኪንግ የሠራ ሐበሻ ብዙ ነው፣ ታውቃላችሁ።

እኛ ጋ የሕሊና አባት ዓይነት ነገር ሲፈጠር መጀመሪያ የሚደረገው ሳህኑን አንስቶ "ይቅርታ" ማለት ነው። ማብራሪያ የለም። ማናጀሩ ራሱ ጠረጴዛው ድረስ ይመጣል። አዲስ ሥጋ ሁሉን ትእዛዝ ቀድሞ እሳት ላይ ይወጣል፣ እስኪደርስ ሰውየው ብቻውን ባዶ ሳህን ይዞ እንዳይቀመጥ ሾርባ ወይ ሰላጣ ይቀርብለታል። ያ ስቴክ ከሂሳቡ ይወጣል። አስተናጋጁም ከደመወዙ ምንም አይነካበትም። እንዲህ የሚደረገው ሰዎቹ ከኛ የተሻለ ልብ ስላላቸው አይመስለኝም፤ አንድ ሥጋ ከመጣል አንድ ጠረጴዛ ሰው ማጣት እንደሚበልጥ ሒሳቡን ስለሠሩት ነው።

ግን እዚህም ገነት አይደለም፣ እንዳታስቡ። ድንቹና አትክልቱ ለብቻ መታዘዙ የአሜሪካ ስቴክ ቤት ልማድ ነው፣ አዲስ አበባም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ዲሲ ውስጥ የሬስቶራንት ታክስ 10 በመቶ ነው፣ ቲፕ (ጉርሻ) 20 በመቶ ይጠበቃል። በ2022 ሕዝቡ ቲፕ የሚቀበሉ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ እንዲያድግ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ደግሞ ብዙ ቤቶች ሰርቪስ ፊ የሚል መስመር ሂሳቡ ላይ ጨመሩ። ደንበኛው ቲፕ መስሎት ይከፍላል፣ አስተናጋጁ ደግሞ ቲፕ ይጠብቃል። ሜሪ የጻፈችው ጭቅጭቅ እዚህም በየቀኑ አለ።

አንድ ምክር ልጨምር። ባለፈው ስመጣ አዲስ አበባ ሜኑዎች ላይ "ፕራይም" "ዋግዩ" (የጃፓን ከብት ዝርያ) "ኮቤ" የሚሉ ቃላት አየሁ። ፕራይም የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሚሰጠው ከፍተኛው ደረጃ ነው፣ ቾይስና ሰሌክት ከሱ በታች ናቸው፤ የሚለካውም በሥጋው መሃል በተበተነው ስብና በከብቱ ዕድሜ ነው። አገር ውስጥ በታረደ ከብት ላይ ያንን ቃል መለጠፍ ትርጉም የለውም። እውነተኛ ኮቤ ደግሞ ጃፓን ሕዮጎ ከሚባለው ግዛት ብቻ ነው የሚመጣው፣ እያንዳንዱ ከብት 10 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው። በዚያ ስም የሚያስከፍላችሁ ካለ "ቁጥሩን አሳዩኝ" በሉ። ካፈረ ሂሳባችሁን ጠይቃችሁ ውጡ።

ባለቤት ነኝ

እኔ ሬስቶራንት አለኝ፣ ስቴክም እንሸጣለን። ሕሊና የጻፈችበት ቤት የኔ አይደለም፣ ግን የባለቤቱንም ወገን አንድ ሰው ይናገር።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። የግሪሉ መለዋወጫ፣ ወይኑ፣ የወይራ ዘይቱ፣ ፍሪጁ ሁሉ ከውጭ ነው። ሥጋ ሁለት ሳምንት በቅዝቃዜ ለማቆየት መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ማታ ሙሉ ይሠራል፣ ነዳጁን ማን ይከፍላል? ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ሰው እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ደንበኛም ደንበኛ ነው። ሚዲየም ሬር ብሎ ያዝዝና ቀይ ሲያይ "ጥሬ አመጣችሁልኝ፣ ደም አለው" ብሎ ይመልሳል። ደም አይደለም፣ ሥጋው ውስጥ ያለ ቀይ ፈሳሽ ነው። ኩሽናዎች ይሄን ስለሚፈሩ ማንም ምንም ቢያዝ አብስለው መላክ ለምደዋል። እኔ መፍትሔ ያደረግሁት የእያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ ሜኑው ላይ ማተም ነው። አስተናጋጁ ጣቱን አስቀምጦ "ይሄ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የሚመለስ ሳህን በጣም ቀነሰ።

ያንን ሥጋ ገልብጦ ማምጣትን ግን ልከላከለው አልችልም። ሳይታዘዝ የመጣ ዳቦና ውሃ ማስከፈልንም አልደግፍም። አዲስ ሥጋ ለመጥበስ ቤቱ የሚያወጣው ወጪ ደንበኛው ከሚከፍለው ዋጋ በጣም ያንሳል። እህቴ፣ እኔ ቤት ቢሆን አባትሽን በሩ ድረስ ሸኝቼ ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።

ሕሊና ከሳር ቤት

ባለቤት ነኝ ያልከው ወንድሜ፣ ልብህ ይባረክ። ስለ ጄኔሬተሩና ስለ ምንዛሪው ያልከው ገብቶኛል። እኔም ነግሬያችኋለሁ፣ ዋጋውን አይቼ ነው የገባሁት። ግን ነዳጅ ተወደደ ማለት ማናጀሩ አባቴን አላዋቂ እንዲያደርገው አያስገድደውም። እማዬን ወንበር ላይ ማስቀመጥስ ስንት ብር ያስወጣል?

የሕግ ሰው አለ እዚህ?

ዳዊት ጠበቃ

አለሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የሚባለው፣ ብዙ ሰው አንብቦት አያውቅም። ለሸማቹ ከሚሰጣቸው መብቶች አንዱ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት ነው። ሌላው ደግሞ አንቺን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ በማንኛውም ነጋዴ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት። አዎ፣ በአዋጅ ተጽፏል። ለደረሰ ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብትም አለ።

በተግባር ግን እንዲህ እላለሁ። የበላሽውንና የተስማማሽበትን አልከፍልም ብለሽ ብትወጪ ነገሩ ፖሊስ ጋ ይደርሳል፣ አንቺም ትጉላያለሽ። ትክክለኛው መንገድ የተበላሸውን ነጥሎ መከራከር ነው። "ይሄ ሥጋ እንዳዘዝኩት አልተሠራም፣ ስነግራችሁ ያንኑ መልሳችሁ አመጣችሁ፣ ይሄን አልቀበልም፣ ከሂሳቡ ይውጣ፤ የቀረውን እከፍላለሁ" ማለት። ሳይታዘዝ የመጣውንም እንዲሁ፣ ከመነካቱ በፊት "ይሄ ይከፈልበታል?" ብሎ መጠየቅ። ሳህኑን ፎቶ አንሺ፣ ሰዓቱ ይያዛል። ከማሽኑ የወጣውን ደረሰኝ ያዢ፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም። ቤቱ እንቢ ካለ የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አቤቱታ ይቀበላል።

ደረሰኙ አሁንም አለሽ?

ሕሊና ከሳር ቤት

አለኝ። ወንድሜም የሥጋውን ፎቶ አንስቷል፣ የተቆረጠው ጎን በደንብ ይታያል።

ዛሬ ደውዬ ነበር፣ ያው ማናጀር አነሳው። መጀመሪያ አላስታውስም አለ። ፎቶ አለኝ ስለው "ኑና ኬክ እንጋብዛችሁ" አለኝ። ምን ልበለው?

ሜሪ (የቀድሞ አስተናጋጅ)

ኬክ አትቀበዪ! ኬክ የሚሰጡሽ ከማታው የተረፈውን ነው። ፊሌቶው 2,600፣ አራተኛው ሶስ 200። ከነሰርቪሱና ከነቫቱ አስቢው፤ 3,289 እና 253፣ ድምሩ 3,542 ብር ነው። ያንን ጠይቂ። ስትሄጂ ግን ልጁን፣ አስተናጋጁን፣ በስም እንዳታነሺው አደራ። "ኩሽናው" በይ።

ባለቤት ነኝ

ሜሪ ልክ ናት። ሂሳቡ በማሽን ከተቆረጠ ተመላሽ ማድረጊያ አሠራር አለ፣ "ሲስተሙ አይፈቅድም" ቢሉሽ አትመኚ። ደግሞ ማናጀሩን ትተሽ ባለቤቱን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ይሄን ጨርሶ አልሰማም። እኔ ራሴ ቅሬታ የሚደርሰኝ ደንበኛው ከቀረ ከወራት በኋላ ከዘመድ አፍ ነው። የምሳ ሰዓት ላይ አትሂጂ፣ ማንም ጊዜ አይሰጥሽም። ጠዋት ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ሂጂ።

ሕሊና ከሳር ቤት

እሺ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከወንድሜ ጋር እንሄዳለን፣ ባለቤቱን ነው የምንጠይቀው። የልጁን ስም አላነሳም ሜሪ፣ ቃሌ ነው። ያሉትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

ወጥ ቤቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባዬን ሌላ ቦታ እንደገና ልወስደው ነው፣ አልተውኩትም። ለሱ ፊሌቶ ይሻላል ወይስ ሪብ አይ? ጥርሱ ደህና ነው፣ ግን ደረቅ ሥጋ አይወድም።

ወጥ ቤቱ

ሪብ አይ። ስቡ ያድነዋል፣ ጠባሹ ትንሽ ቢያዘገየው እንኳን ጨርሶ አይደርቅም። ወፍራም ተደርጎ እንዲቆረጥ ጠይቂ፣ ቀጭን ከሆነ መሃሉን መቆጣጠር ይከብዳል። "መካከለኛ" ብቻ አትበዪ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መካከለኛ አለው፤ "መሃሉ ሮዝ፣ ጭማቂው ያልወጣ" በይው። ሶሱን ለብቻው በትንሽ ሳህን ያምጡት፣ ሥጋው ላይ አይፍሰስ። ሲመጣም አባትሽ ሌላውን ከመብላታቸው በፊት፣ አስተናጋጁ ገና ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ መሃሉን ቆርጠው ይዩት።